የላቦራቶሪ አይጦች የቫይረስ ክትትል በመድኃኒት ዕፅዋት ጥናቶቻችን፦ የተዘለለው ጥያቄ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዳባት በሕክምናው ዓለም ስሟ የሚጠራው በአንድ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያ የተቋቋመውና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦችን እየተከታተለ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ የሚመዘገብበት ነው። ሞት ሲያጋጥም መረጃ ሰብሳቢዎች ወደ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ሄደው ሟቹ በመጨረሻ ቀናቱ ምን ምን ምልክት እንደታየበት ጠይቀው ይጽፋሉ። በመሆኑም ከዳባት የወጣ ጥናት የሚያነብ ሰው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ከጥናቱ በፊትስ ጤናቸው እንዴት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ቢያንስ የመልሱን መነሻ ያገኛል።

ከዚሁ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ሌላም የምርምር ጥሬ ዕቃ ይወጣል። ይኸውም የባህል ሐኪሞች ለወባ፣ ለቁስል፣ ለተቅማጥና ለሆድ ትላትል የሚያዙት ቅጠል፣ ሥርና ልጣጭ ነው። ይህ ዕፅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚሞከረው በሰው ላይ ሳይሆን በነጭ አይጦች ላይ ነው። ስለነዚህ አይጦች ግን «ከሙከራው በፊት ጤናቸው እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ታትመው በሚወጡት ጽሑፎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይገኝም። የዳባት ገበሬ ጤና በመዝገብ ሲከታተሉት፣ በእርሱ ምትክ መድኃኒቱን የምትቀምሰው አይጥ ግን የጤና ታሪኳ ሳይታወቅ ምስክር ሆና ትቆማለች። ይህ ሂስ የሚያተኩረው በዚሁ ጉድለት ላይ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ናት። ይሁንና ወባ ለደባርቅም ሆነ ለዳባት ነዋሪ እንግዳ በሽታ አይደለም። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚዘልቅ፣ ወይም በአረምና በአጨዳ ወቅት ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚሄድ ሰው በሽታውን ይዞ ይመለሳል። ደገኛው በሽታውን የመቋቋም አቅም ያላዳበረ በመሆኑ ሕመሙ ይበረታበታል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች የተዛመተው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ መገመቱ ይህንኑ ያስታውሳል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ሥጋት ተደርቧል። ኬልች 13 በተባለው የወባ ጥገኛ ዘረመል ላይ 622አይ የተሰኘው ለውጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቧል። ይኸው ለውጥ በጎረቤት ኤርትራ ለአርቴሚሲኒን መድኃኒቶች ከሚታየው ከፊል መላመድ ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል። አዲስ የወባ መድኃኒት መፈለግ ስለዚህ የምሁራን መዝናኛ ሳይሆን የጊዜው ግዴታ ነው።

በዚህ ፍለጋ የአይጥን ውለታ መካድ አይገባም። በቻይና የእነ ቱ ዩዩ ቡድን ከጭቁኝ ወገን ከሆነ ዕፅ ያወጣው ቁጥር 191 የተባለው ጭማቂ ጥገኛውን ሙሉ በሙሉ ሲገታ የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 በአይጥ ወባ ላይ ነበር። ከዚያ ሙከራ የተገኘው አርቴሚሲኒን እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ከማስገኘቱም በላይ እስከ ዛሬ በየጤና ጣቢያችን የሚታደለው የወባ መድኃኒት መሠረት ሆኗል። ክርክሩ አይጥ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ላይ አይደለም፤ የምትጠቅመን ጤናዋን ስናውቅ ነው በሚለው ላይ ነው።

የጥናቶቹ አሠራርና ዝምታቸው

በአገራችን የሚታተሙት የፀረ ወባ ዕፅዋት ጥናቶች አሠራራቸው እርስ በርስ እጅግ ይመሳሰላል። ጥገኛው ፕላስሞዲየም በርጌይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያን ጊዜዋ የቤልጅግ ኮንጎ፣ ካታንጋ ውስጥ የተገኘ የዱር አይጦች ወባ ነው። ወባው ካለባት ለጋሽ አይጥ የተቀዳው ደም ወደ ሌሎች አይጦች ሆድ ይወጋል። ከዚያም ለአራት ቀናት የዕፁ ጭማቂ በሦስት የተለያየ መጠን ለሦስት ቡድኖች ይሰጣል፤ አራተኛው ቡድን ያለ መድኃኒት ይቆያል፤ አምስተኛው ክሎሮኪን ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን ከጅራታቸው ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጭማቂው ጥገኛውን በመቶ ስንት እንደገታ ይሰላል፤ የሰውነት ክብደት፣ የሙቀት መጠን፣ የቀይ ደም ሕዋስ መጠንና በሕይወት የቆዩበት ቀን ይመዘገባል።

አሠራሩ ግልጽ፣ ርካሽና በየትም ሊደገም የሚችል ነው። በውስን በጀት እየሠሩ ይህን ያህል ጥናት ለኅትመት ያበቁ ወጣት ተመራማሪዎችም ሊመሰገኑ ይገባል። የዕፁ ስም በሥነ ዕፅዋት ባለሙያ ተረጋግጦ ናሙናው በዕፅዋት ቤተ መዘክር ይቀመጣል፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ስለ አይጦቹም ዝርያ፣ ፆታ፣ ዕድሜና ክብደት ይነገራል። ብርሃንና ጨለማ በየ12 ሰዓቱ እንደተፈራረቀላቸው፣ መኖና ውኃ እንዳልተቋረጠባቸው፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ከቦታው ጋር እንደተላመዱ ይጻፋል።

የሚቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም የአይጥ መንጋው ለየትኞቹ ቫይረሶችና ሌሎች ተሐዋስያን፣ መቼ፣ በምን ዘዴ እንደተመረመረ የሚገልጸው ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች «ጤናማ አይጦች» የሚል ቃል ይጠቀማሉ። ጤናማነቱ የታወቀው ግን በዓይን በማየት ነው፤ ፀጉሯ ያልቆመ፣ ያልከሳች፣ የምትሮጥ አይጥ ጤናማ ተባለች ማለት ነው። የእንስሳት ሙከራ ዘገባን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና በ2020 የተሻሻለው አራይቭ የተሰኘው መመሪያ የእንስሳቱን ምንጭና የጤና ሁኔታ መግለጽን ከሚጠይቃቸው ነጥቦች አንዱ አድርጎታል። መመሪያው በጽሑፎቻችን ውስጥ ሲጠቀስ ይታያል፤ ይህ ነጥብ ግን ይዘለላል።

ምልክት የማያሳየው ቫይረስ

የላቦራቶሪ አይጥ ቫይረሶች ዋና ጠባይ ዝምታቸው ነው። ከእነርሱ መካከል ለወባ ተመራማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለውን ኢንዛይም በደም ውስጥ ከፍ የሚያደርገው ቫይረስ (ከዚህ በኋላ ኤልዲቪ) ነው። ይህ ቫይረስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ራይሊና ባልደረቦቻቸው ዕጢ በተዛወረባቸው አይጦች ደም ውስጥ ኢንዛይሙ ለምን እንደሚጨምር ሲመረምሩ ነው። ጭማሪው ከዕጢው የመጣ መስሎ ነበር፤ ኋላ ግን ከዕጢው ጋር አብሮ ከአይጥ ወደ አይጥ ሲዛወር የኖረ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ኤልዲቪ የያዛት አይጥ ቫይረሱን ዕድሜ ልኳን በደሟ ተሸክማ ትኖራለች፤ ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ አትከሳም። በዓይን የሚያያት ሰው ሁልጊዜ «ጤናማ» ይላታል።

ለወባ ጥናት ያለው አደጋ ግልጽ ነው። የአይጥ ወባ ጥገኛ ለአሥርተ ዓመታት የኖረው ደምን ከአይጥ ወደ አይጥ በመውጋት ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዲት አይጥ ኤልዲቪ ካለባት፣ ከእርሷ በኋላ ወባ ያዘለውን ደም የሚቀበሉት ሁሉ ቫይረሱንም አብረው ይቀበላሉ። ይህ በግምት ላይ የቆመ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት ኤልዲቪ ከወባ ጋር ሲደረብ የአይጦቹን ወባ እንደሚያባብስ አሳየ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት፣ አንዳንድ የአይጥ ወባ ዘሮች አይጦችን ከአንጎል ወባ እንደሚከላከሉ ይታመንበት የነበረው ነገር በወባው የመጣ ሳይሆን በደሙ ውስጥ ተደብቆ በኖረው ኤልዲቪ የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። ቫይረሱ ለብቻው ሲሰጥ ያው የመከላከል ውጤት ተገኝቷል። ተመራማሪዎች የወባ ባሕርይ ነው ብለው ሲያጠኑት የነበረው ነገር የሌላ እንግዳ ሥራ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከሁለቱ ጥናቶች የሚወሰደው ትምህርት ቫይረሱ ውጤትን ወደ አንድ የታወቀ አቅጣጫ ብቻ አያዛባም የሚል ነው። በአንዱ ሁኔታ በሽታውን ያከብደዋል፣ በሌላው ያቀለዋል። ስለዚህ «ትንሽ ቀንሰን እናስብለት» ተብሎ በሒሳብ የሚታረም ስሕተት አይደለም።

ኤልዲቪ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 የታወቀው የአይጥ ሄፓታይተስ ቫይረስ የኮሮና ቫይረሶች ወገን ሲሆን፣ በአዋቂ አይጦች ላይ ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ጉበትንና የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትን ይነካል። በሰገራና በጉዝጓዝ በኩል ከሳጥን ወደ ሳጥን በፍጥነት ይዛመታል። የአይጥ ኖሮ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪታወቅ ድረስ በዓለም ዙሪያ ባሉ መንጋዎች ውስጥ ማንም ሳያየው ኖሯል፤ ከታወቀ በኋላ እጅግ ከተስፋፉት የአይጥ ቫይረሶች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። የአይጥ ፓርቮ ቫይረሶችም በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን፣ ከእነዚህም መካከል የመከላከያ ሕዋሳትን፣ ስለሚመርጡ ለካንሰርና ለክትባት ጥናት ፈተና ናቸው።

«ሁሉም ቡድኖች ከአንድ መንጋ ናቸው» ለሚለው መልስ

ለዚህ ሂስ በቅድሚያ የሚሰጠው መከላከያ ይታወቃል፦ «ቫይረስ ቢኖር እንኳ መድኃኒት የተሰጣቸውም ያልተሰጣቸውም አይጦች ከአንድ መንጋ የመጡ ስለሆነ ጉዳቱ እኩል ይደርሳቸዋል፤ ንጽጽሩ አይዛባም።» ክርክሩ ክብደት ያለው ቢመስልም ሦስት ቀዳዳዎች አሉበት።

አንደኛ፣ ቫይረስ የሚዛመተው በሳጥን ነው። በብዙ ጥናቶች እያንዳንዱ ቡድን አምስት ወይም ስድስት አይጦች ይኖሩታል። እነዚህ አይጦች ለአሠራር ምቾት ሲባል በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጡ፣ ቫይረሱ የገባበት ሳጥን ማለት ቫይረሱ የገባበት ቡድን ማለት ይሆናል። በ400 ሚሊግራም ቡድንና በ200 ሚሊግራም ቡድን መካከል የታየው ልዩነት የመድኃኒቱ መጠን ልዩነት ይሁን ወይስ የሳጥኑ፣ ማንም መለየት አይችልም። የስታቲስቲክስ ስሌቱ ስድስት አይጦችን ስድስት ብሎ ይቆጥራል፤ ለቫይረሱ ግን አንድ ሳጥን አንድ ቤተሰብ ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙ የዕፅ ጭማቂዎች ጥገኛውን በቀጥታ ከመግደል ይልቅ የሰውነት መከላከያን በማንቃት ሊሠሩ ይችላሉ። ጉበት መድኃኒትን የሚያጣራበት አቅምም በቫይረስ ሕመም ይለወጣል። ስለዚህ ቫይረሱ በሁሉም አይጦች ላይ እኩል ቢኖር እንኳ፣ መድኃኒት ከሚሰጠው ቡድን ጋር የሚፈጥረው ግንኙነት ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ከሚኖረው የተለየ ነው።

ሦስተኛ፣ ሳይንስ የሚቆመው በመደገም ነው። በአንድ ቤት 60 በመቶ የገታ ጭማቂ በሌላ ቤት 20 በመቶ ብቻ ሲገታ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ የተለቀመበት ወቅት፣ አፈሩ ወይም የመዘፍዘፊያው ዓይነት ይወቀሳል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የአይጦቹ ቫይረስ ግን ስላልተመረመረ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አይገባም።

ያለ ጥፋቱ የሚወገዝ ዕፅ፣ ያለ ማስረጃ የሚመሰገን ዕፅ

ጉዳዩ ከወባ አልፎ የመርዛማነት ምርመራንም ይነካል። በእነዚህ ጥናቶች የዕፁን ጉዳት ለማወቅ የጉበት ኢንዛይሞችና የጉበት ቁራጭ ይታያሉ። የአይጥ ሄፓታይተስ ቫይረስ ያለበት መንጋ ግን ያለ አንዳች መድኃኒት ኢንዛይሙ ሊጨምርና ጉበቱ ሊቆስል ይችላል። የዚህ ስሕተት ሰለባ የሚሆነው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው፣ አያት ቅድመ አያቱ ሲጠቀሙበት የኖረ መድኃኒት «ጉበት ይጎዳል» ተብሎ ያለ ጥፋቱ የሚወገዝበት የባህል ሐኪም ነው። ሁለተኛው፣ «ዩኒቨርሲቲው አረጋግጦታል» የሚል ወሬ ሰምቶ ትኩሳት ይዞት ቅጠል እየጠጣ የሚቆይና ወደ ጤና ጣቢያ ዘግይቶ የሚደርስ ሕመምተኛ ነው። ይህን ሁለተኛ ሰው ተቀብሎ የሚያክመው የዚህ መጽሔት አንባቢ ነው።

ከዚህ ጋር የእንዶድ ታሪክ ቢታወስ ይጠቅማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዝያ መከላከል ታላቅ ተስፋ ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደንብ መሠረት የተከናወነው የደኅንነት ምርመራ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ለመዘግየቱ በአፍሪካውያን ሥራ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ጥርጣሬን የሚመክት ሰነድ በእጅ መያዝ የአመልካቹ ፈንታ ነው። ነገ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ቅጠል እውነተኛ መድኃኒት ቢገኝ፣ የመጀመሪያው የውጭ ገምጋሚ «አይጦቻችሁ ከምን ከምን ነጻ ነበሩ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለሠራተኛው ያለው አደጋ

ከአይጥ ቫይረሶች አብዛኞቹ ሰውን አይነኩም። አንዱ ግን ይነካል፤ ኤልሲኤምቪ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው ቫይረስ ነው። ተፈጥሯዊ ማደሪያው ተራው የቤት አይጥ ሲሆን፣ በሽንት፣ በምራቅና በጉዝጓዝ ብናኝ ወደ ሰው ይተላለፋል። በሰው ላይ ከቀላል ትኩሳት እስከ ማጅራት ገትር ዓይነት ሕመም ያስከትላል፤ በእርግዝና ወቅት ከያዘ ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአንድ የአሜሪካ የካንሰር ምርምር ተቋም ሠራተኞች ከላቦራቶሪ እንስሳት ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በዚያው አገር ከአንድ ሟች የአካል ክፍል ከተዛወረላቸው አራት ሕመምተኞች ሦስቱ ሞተዋል፤ የቫይረሱ ምንጭም በሟቹ ቤት የነበረ ሃምስተር ነበር።

በሰሜን ተራሮችና በአካባቢው የዱር አይጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጀርመናዊው ሩፔል ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሰበሰባቸውን አይጦች ለሳይንስ ካስተዋወቀ እነሆ ከ180 ዓመት በላይ ሆኗል። የሚሸከሙት ቫይረስ መጠናት የጀመረው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በትግራይ ደጋ ከሚኖር የአይጥ ዝርያ አዲስ ሃንታ ቫይረስ ተገኝቶ የትግራይ ቫይረስ ተብሎ ተሰይሟል። መኖ ባለበት ቤት የዱርም የቤትም አይጥ መግባቱ አይቀርም። ስለሆነም የእንስሳት ቤት በር ሥር ያለ ክፍተት ወይም ወንፊት የሌለው መስኮት የጥገና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥናቱም፣ የተማሪውም፣ የእንስሳት ተንከባካቢውም ደኅንነት ጉዳይ ነው።

«አቅም የለንም» ከማለት በፊት

የአውሮፓ የላቦራቶሪ እንስሳት ሳይንስ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ምክረ ሐሳብ መንጋ ቢያንስ በየሦስት ወሩ እንዲመረመር ይላል። ይህን በአንድ ጊዜ እንተግብር ማለት ዛሬ ላለንበት ሁኔታ አይሆንም። ሆኖም በሁሉና በምንም መካከል ብዙ ደረጃ አለ።

የመጀመሪያው ደረጃ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። «የአይጥ መንጋው ለቫይረስ አልተመረመረም» የሚል ሐቀኛ ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ ማስገባት ነው። አርታኢዎችና ገምጋሚዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ቢጠይቁ ልማዱ በአጭር ጊዜ ይለወጣል። ሁለተኛውም እንዲሁ ወጪ የለውም፤ የእያንዳንዱን ቡድን አይጦች በአንድ ሳጥን ከማጎር ይልቅ በዕጣ በልዩ ልዩ ሳጥኖች ማከፋፈልና በቀለም ምልክት መለየት ነው።

ሦስተኛው ጠቋሚ አይጦችን ማቆየት ነው። ጥቂት አይጦች ከየሳጥኑ በሚወጣ ያገለገለ ጉዝጓዝ ላይ እንዲኖሩ ይደረግና፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደማቸው ለፀረ እንግዳ አካላት ይመረመራል። በሰገራ የሚተላለፉት የሄፓታይተስ፣ የኖሮና የፓርቮ ቫይረሶች በዚህ ዘዴ በደንብ ይታያሉ። ደሙን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ አገልግሎቱ ወዳለበት ላቦራቶሪ መላክ ስለሚቻል በረዶ አያስፈልገውም። ስንት አይጥ ይበቃል ለሚለውም ስሌቱ ቀላል ነው። ከመንጋው ግማሹ ከተያዘ አምስት አይጥ መመርመር ቫይረሱን የማግኘት ዕድሉን 97 በመቶ ያደርሰዋል። ከአሥር ሦስቱ ከተያዙ አሥር አይጥ ለዚያው ዕድል ይበቃል። ከአሥር አንዷ ብቻ ከተያዘች ግን አሥር አይጥ መመርመር 65 በመቶ ዕድል ብቻ ይሰጣል፤ 95 በመቶ ለመድረስ 29 ያስፈልጋሉ። ስለዚህ «ጥቂት መርምረን ምንም አላገኘንም» የሚል ዘገባ የመረመሩትን ቁጥር መናገር ይኖርበታል።

አራተኛው የወባውን ደም ራሱን መመርመር ነው። ኤልዲቪ በጉዝጓዝ እምብዛም ስለማይተላለፍ ጠቋሚ አይጦች አያሳዩትም። ለዚህ የራይሊ ጥንታዊ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ወባ ያለባት አይጥ ፕላዝማ 0.22 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ተጣርቶ ጥገኛው ሲቀር፣ ኢንዛይማቸው አስቀድሞ ተለክቶ ዝቅተኛ መሆኑ ለተረጋገጠ አይጦች ይወጋል። ከአራት ቀን በኋላ ኢንዛይሙ ብዙ እጥፍ ከጨመረ ደሙ ተበክሏል። ማጣራቱ የግድ ነው፤ ወባ ራሱ ቀይ የደም ሕዋሳትን በማፍረስ ኢንዛይሙን ይጨምራልና። ኢንዛይሙን መለካት የኬሚስትሪ ማሽን ባለው የሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚቻል ሥራ ነው። የተበከለ ደም ቢገኝም ጥገኛው አይጣልም፤ ቫይረሱ በአይጥ እንጂ በአይጠ መጎጥ ሰውነት ውስጥ ስለማይባዛ፣ ጥገኛውን በአይጠ መጎጥ በኩል በማሳለፍ ማጽዳት ይቻላል።

አምስተኛው በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ በክልል ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋውን የፒሲአር አቅም መጠቀም ነው። ያን ጊዜ የሰው ኮሮና ቫይረስን መለየት የለመደ እጅ የአይጥ ኮሮና ቫይረስን ለመለየት የሚያንሰው ትክክለኛው ንጥረ ነገርና ትእዛዝ ብቻ ነው። እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ አዳዲስ ተቋማት ደግሞ የእንስሳት ቤት ሲያቋቁሙ ለይቶ ማቆያ ክፍል፣ የተወነፈ መስኮትና የጤና መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን እንዲኖራቸው ቢያደርጉ፣ ከተበላሸ በኋላ ከማጽዳት እጅግ ይረክሳል።

ማጠቃለያ

የአይጥ ቤት ክትትል ለጤና ባለሙያው የሩቅ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የሕመምተኛን ታሪክ ሳይጠይቅ ምርመራ የሚያዝ ሐኪም አይመሰገንም፤ የአይጦቹን ታሪክ ሳይጠይቅ ውጤት የሚያውጅ ጥናትም በዚያው መስፈርት ሊመዘን ይገባል። እስካሁን የታተሙት ጥናቶች በዚህ ምክንያት ዋጋ ቢስ ናቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ተስፋ ሰጪ ዕፅዋትን ጠቁመዋል። የጎደላቸው፣ የተገኘው ውጤት የቅጠሉ ይሁን የቫይረሱ የሚለይ ማስረጃ ነው።

ይህ ማስረጃ እስኪሟላ ድረስ የጤና ባለሙያው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። «በአይጥ ተረጋግጧል» የሚል ዜና ይዞ ለሚመጣ ሕመምተኛ፣ በአይጥ የታየ ነገር የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ አስረድቶ ደሙን ሳይዘገይ መመርመር አንዱ ነው። ሌላው፣ ጥናት ሲገመግም፣ ተማሪ ሲያማክር ወይም በጉባኤ ሲቀመጥ የተዘለለውን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ አይጦቹ ለየትኛው ቫይረስ፣ መቼ ተመረመሩ?